ወደ ሐርላና ወደ ሐረር ጁገል የሚደረገውን የትምህርት ጉዞ ይመለከታል

ለተከበራችሁ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ድሬዳዋ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ልጆቻችሁ ከመምህራኖቻቸው ጋር መጀመሪያ ወደ ሐርላ፣ ቀጥሎም ወደ ሐረር ጁገል ለትምህርት እንዲጓዙ ትምህርት ቤታችን መወሰኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሆኖም ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ጉዞው ለምን እንደታሰበና ከልጆቹ ምን እንደሚጠበቅ በዝርዝር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ አንዳንዶቻችሁ ልጆቹ የግብፅን ፒራሚዶች ወይም የዮርዳኖሷን ፔትራ በዓይናቸው ቢያዩ ታሪክን የበለጠ እንደሚወዱ ጠቅሳችሁ፣ ወጪውን በጋራ ሸፍነን የውጭ አገር ጉዞ እንድናዘጋጅ ጠይቃችሁ ነበር። ጥያቄው ልጆቻችሁ ሰፊውን ዓለም እንዲያውቁ ካላችሁ ምኞት የመነጨ በመሆኑ በደስታ ተቀብዬዋለሁ፤ አቅማችን ሲፈቅድም የሚታሰብበት ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ በሩቅ አገር ፍርስራሽ ፊት ከመቆሙ በፊት ፍርስራሽ እንዴት እንደሚታይ፣ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚጠበቅ ሊማር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይህ ትምህርት ያላገኘ ልጅ ፔትራ ቢደርስም ይዞ የሚመለሰው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ሐርላ ከከተማችን ወደ ሐረር አቅጣጫ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ብዙዎቻችን በአቅራቢያዋ እናልፋለን እንጂ ቆም ብለን አይተናት አናውቅም። የአካባቢው አርሶ አደሮች ሲያርሱ ሳንቲምና ገል እያገኙ ኖረዋል። ሕንጻዎቹ የተሠሩባቸው ድንጋዮች ትላልቅ ስለሆኑም ጥንት ግዙፋን ሰዎች ይኖሩባት እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን ከአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ባካሄደው ቁፋሮ ግን፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የመስታወትና ካርኔሊያን የሚባለው ቀይ የጌጥ ድንጋይ ዶቃዎች፣ ከውጭ የመጡ ዛጎሎች፣ እንዲሁም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የተሠሩ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችም የተለዩ ሲሆን፣ በመቃብሩ የተገኙት አጽሞች እንደ እኛ ዓይነት ቁመት የነበራቸው ሰዎች አጽሞች ናቸው። ከባሕር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የኖሩ አባቶችና እናቶች ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ጋር ይነግዱ ነበር ማለት ነው። ይህን ለድሬዳዋ ልጅ በመጽሐፍ ብቻ ነግሮ ማለፍ ለእኔ ከባድ ነው።

የሐርላው መስጊድ አሠራር በደቡባዊ ታንዛኒያ ከሚገኙት ጥንታዊ መስጊዶች ጋር እንደሚመሳሰል ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት በዚያው ጠረፍ ስለምትገኘው የኪልዋ ደሴት ይማራሉ። ኪልዋ እውቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 የጎበኛት፣ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የተሠራው ታላቁ መስጊዷ እስከ ዛሬ የሚታይ የንግድ ከተማ ናት። በኪልዋ የተመታ ሳንቲም ከባሕሩ ርቆ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ አገር በሚገኘው ታላቋ ዚምባብዌ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ስለተገኘ፣ ትምህርቱ ወደዚያም ይሻገራል። በታላቋ ዚምባብዌ ያለ አንዳች ማያያዣ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ እስከ 11 ሜትር የሚደርስ ግንብ ቆሟል። በቅኝ ግዛት ዘመን ብዙ አውሮፓውያን ይህን አፍሪካውያን ሊሠሩት አይችሉም በማለት ለፊንቄያውያንና ለሌሎች ባዕዳን ሰጥተውት ነበር፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ቆፍረው የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን አረጋገጡ። የሐርላው የግዙፋን ተረት ከፍቅር የመነጨ፣ የዚምባብዌው ደግሞ ከንቀት የመነጨ ቢሆንም፣ ሁለቱም ሥራውን ከትክክለኛ ባለቤቶቹ እጅ ያወጡት ነበር። ልጆቹ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያመዛዝኑ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ በላይ ትብብራችሁን የምጠይቅበት አንድ ጉዳይ አለ። በሐርላ አፈር ላይ ልጅ በቀላሉ አንስቶ ኪሱ ሊከተው የሚችለው ገል ወይም ዶቃ ሊያጋጥም ይችላል። ዶቃው በተኛበት የአፈር ንብርብር ውስጥ እያለ አብሮት ከተገኘው ከሰል፣ አጥንትና ሳንቲም ጋር ተዳምሮ ዘመኑንና ከማን ቤት እንደወደቀ ሊናገር ይችላል፤ ከዚያ ከወጣ በኋላ ግን ባለሙያም ቢመረምረው የሚያገኘው መልስ በእጅጉ ያንሳል። የአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ስለሆነም ማንኛውም ተማሪ ያየውን ነገር ሳያነሳ መምህሩን ይጠራል፤ ቦታው በማስታወሻ ደብተር ይመዘገባል፤ ዕቃው ባለበት ይቀራል። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ይህን ከልጆቻችሁ ጋር እንድትነጋገሩበት አደራ እላለሁ፤ ከእኛ አሥር ጊዜ ከሚሰሙት ይልቅ ከእናትና ከአባት አንድ ጊዜ የሰሙት ይበልጥ ይጸናባቸዋል።

ጥንታዊ የአለት ሥዕሎች ወዳሉበት ወደ ለጋ ኦዳም እንድንሄድ ከመምህራን ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በዚህ ዓመት አልተቀበልኩትም። በፈረንሳይ የሚገኘው የላስኮ ዋሻ ለሺህ ዓመታት ሥዕሎቹን ጠብቆ ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ በተከፈተ በ15 ዓመት ውስጥ የጎብኚዎች ትንፋሽ፣ ሙቀትና መብራት በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚ ስላበቀሉበት በ1963 ተዘግቷል፤ ዛሬ ሕዝቡ የሚያየው በአቅራቢያው የተሠራውን ቅጂ ነው። ለጋ ኦዳ እንደ ላስኮ ጥልቅ ዋሻ ባይሆንም፣ ሥዕል ባለበት አለት ሥር ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ አቁሞ እያንዳንዱን እጅ መቆጣጠር አይቻልም። የሐርላውን ሥነ ሥርዓት ጠብቀው ያሳዩን ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት በትንንሽ ቡድን ይሄዳሉ።

ሐረር ጁገል ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሰው የሚኖርበት በመሆኑ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 አድባራተ ቅዱሳን፣ ማለትም የአውልያ መቃብሮችና የጸሎት ስፍራዎች፣ እንዳሉበት ገልጿል። ተማሪዎቹ ከጥንቶቹ አምስት በሮች በአንዱ ገብተው፣ ከጥንቱ የሐረር ገዥ ከአሚር ኑር ስም ጋር ተያይዞ የሚነገረውን ግንብ ይከተላሉ፤ ከዚያም አንድ ባህላዊ የሐረሪ ቤት ይጎበኛሉ። በዚያ ቤት ውስጥ በቀይ ቀለም የተቀቡትን፣ ከፍታቸው እንደ ተቀማጩ ዕድሜና ክብር የሚለያየውን አምስት መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ የተሠሩትን መደርደሪያዎችና የተሰቀሉትን ስፌቶች ልብ ብለው በእርሳስ እንዲሥሉ ታዘዋል። ቤቱን በእርሳስ የሚሥል ልጅ ፎቶ ለማንሳት ከሚቸኩለው ይልቅ ብዙ ነገር ያያል።

የምንገባው ሰው ቤት ስለሆነ ልጆቹ እንደ እንግዳ ይሁኑ። ጫማ በሚወለቅበት ያውልቁ፤ ሴቶች ተማሪዎች ሻሽ ይያዙ፤ ወንዶችም ቁምጣ አይልበሱ። በመንገድ ላይ ያለን ሰው፣ በተለይም እናቶችንና ነጋዴዎችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት በፍጹም የተከለከለ ነው። በዚህም ምክንያት ስልክ የሚይዙት የቡድን መሪዎች ብቻ ይሆናሉ።

በሁለቱም ቀናት ተማሪዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይገኛሉ። በሐረር መንገድ ላይ ባለችው ከፍተኛ ቦታ ደንገጎ የሚጠብቃቸው ብርድ ከድሬዳዋ አየር ጋር ስለማይገናኝ ጃኬት አይርሱ፤ ለሐርላ ደግሞ ኮፍያ፣ የሚጠጣ ውሃና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል። ምሳ ከቤት ይያዛል። ክፍያው በቅጹ ላይ ተመልክቷል፤ ክፍያው የሚከብደው ቤተሰብ ቢሮዬ መጥቶ ቢያነጋግረኝ ጉዳዩ በምስጢር ተይዞ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል።

በመጨረሻም በጁገል ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ወይም በሐርላ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች ካላችሁ፣ ከአስጎብኚዎቹ በተጨማሪ የምታውቁትን ለልጆቹ እንድትነግሯቸው አብራችሁን እንድትጓዙ በአክብሮት እጋብዛለሁ፤ ለእናንተ ክፍያ የለም። ስማችሁን በቅጹ ጀርባ ጽፋችሁ፣ የተፈረመውን ቅጽ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ ለክፍል ኃላፊው መምህር እንድትልኩልን እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር