ስሙን በሰው ንብረት መሀል ፈልገው

ልጄ፣

መልእክትህን አነበብኩት። ኬንታኪ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት በባርነት የነበሩትን የአባትህን ወገኖች ዘር እየቆጠርክ በፈረንጅ 1870 ላይ ስትደርስ መንገዱ የተዘጋው አንተ ላይ ብቻ አይደለም። ከባርነት የወጡት ሰዎች በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ በስማቸው መጻፍ የጀመሩት ያን ዓመት ነው። በ1850 እና በ1860 የተቆጠሩት በጌታው ስም ሥር ነበር። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም፣ አለቀ። ስለዚህ ቆጠራውን ለጊዜው ተወውና ወደ ካውንቲው፣ ማለት ወደ ወረዳው፣ መዝገብ ግባ።

እኔ ያደግሁት ዘር በቃል በሚቆጠርበት ቤት እንደሆነ ታውቃለህ። ጎጃም ውስጥ አያቴ ርስት ሲሟገቱ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ይጀምሩና እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ እስከ ራሳቸው ይወርዳሉ፤ ዳኛ ፊት አንድ ስም ከዘለሉ ጉድ ፈላ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ሙግቱ ቀረ፣ ቆጠራው ግን ከአፋቸው አልጠፋም። የአባትህም ወገኖች መሬት አቅንተዋል። መሬቱ የተጻፈው ግን በሌላ ሰው ስም ነው፣ እነሱ ራሳቸውም የዚያው ሰው ንብረት ተብለው ተጽፈዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አክስትህ ከቨርጂኒያ በእግሩ ተራራ አቋርጦ መጣ የምትልህ ሰውዬ ተረት እንዳይመስልህ። ዳንኤል ቡን የሚባለው አቅኚ በ1775 ከምበርላንድ ጋፕ በሚባለው የተራራ በር በኩል መንገድ ካስጠረገ በኋላ ወደ ኬንታኪ የጎረፉት ሰፋሪዎች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ነው የገቡት። በ1790 ከኬንታኪ 6 ሰው አንዱ ገደማ በባርነት የተያዘ ነበር። ስለዚያ ዘመን ሲወራ ግን የሚታይህ ጠመንጃ የያዘ ነጭ ብቻ ነው። እስቲ ስለ ሞንክ ኢስቲል አንብብ። ለሰፋሪዎቹ ምሽግ ሰዎች ባሩድ የሚሠራላቸው ባሪያ ነበር። በ1782 የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑት ዋያንዶቶች ማረኩትና ስለ ምሽጉ ሲጠይቁት ውስጡ ተዋጊ ሞልቷል ብሎ ዋሻቸው፣ እነሱም ተመለሱ። በኋላ ነፃ ወጣ። የሞንክ ስም የቀረው ጀብዱ ስለተወራለት ነው። የእኛው ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ሲመነጥር ኖሮ ከሞተ ማን ይጽፍለታል?

የሚጻፈው ጌታው ሲሞት ነው። ጌታው ሲሞት ፍርድ ቤቱ ጎረቤቶችን ይመርጥና ንብረቱን ቆጥራችሁ ዋጋ አውጡለት ይላል። እነሱም ቤቱን፣ በረቱን፣ ጎተራውን እየዞሩ ይመዘግባሉ። የብረት ድስት፣ ማረሻ፣ የላባ ፍራሽ፣ አንዲት ባዝራ፣ ከዚያ ድንገት የሰው ስም፣ ጎኑ ላይ ዋጋ። በአሮጌው መዝገብ ዋጋው በፓውንድና በሽልንግ ነው። አንዳንዴ እናት ከነልጇ በአንድ ዋጋ ትጻፋለች፤ እዚያ ላይ ቆም በል፣ የዘር ሐረግ ማለት ያቺ መስመር ናት። ቀጥሎ የውርስ ክፍፍሉን ፈልግ፣ ማን ለየትኛው ወራሽ እንደደረሰ ይናገራል። ወራሹ ወደ ሌላ ካውንቲ ከሄደ አንተም ተከትለኸው ትሄዳለህ።

ጌታው ማን እንደነበር እንዴት ላውቅ ትለኝ ይሆናል። በቤተሰቡ ስም ብቻ አትመራ፤ ብዙዎች የመጨረሻውን ሳይሆን የቀድሞውን ጌታ ስም ነው የያዙት። በ1870 ያገኘኸው ሰው በዕድሜው ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚደርስ ነበርና ካምፕ ኔልሰን ተመዝግቦ እንደሆነ እይ። ከሌክሲንግተን ከተማ በስተደቡብ የነበረ የጦር ሰፈር ነው። የፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጅ ኬንታኪን አይነካም ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ለነበረ ወንድ አንዱ የነፃነት መንገድ ወታደር መሆን ነበር። በወታደሩ ዶሴ ላይ የጌታው ስም ሊገኝ ይችላል፣ ጌታው ካሳ ይገባኛል ብሎ አመልክቶ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። የጡረታ ፋይል ካለውማ ተገላገልክ፤ ባልቴቷ ስለ ጋብቻዋ፣ ጎረቤቱ ስለ ልጅነቱ የሰጡት ቃል ሁሉ ይኖርበታል።

ሌላው ራስ ምታት የወሰን ጉዳይ ነው። ኬንታኪ መጀመሪያ የቨርጂኒያ አንድ ካውንቲ ነበር። በ1780 ጄፈርሰን፣ ፋየትና ሊንከን ተብሎ ለሦስት ተከፈለ፣ ዛሬ 120 ደርሷል። እንደ እኛ አገር ወረዳ በለው፤ ቤቱ ሳይነቃነቅ ወረዳው ይቀያየራል። የዛሬው ካውንቲ የተመሠረተበትን ዓመት እይ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ወረቀት ከእናት ካውንቲው ጠይቅ። ፋየት ከደረስክ ተዘጋጅ፣ በ1803 በእሳት ብዙ መዝገብ አጥቷል።

ኢንተርኔት ላይ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ ደግሞ እንዳትገለብጥ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አይደል? ሁሉም የጄኔራል ዘር ነኝ ይላል። ወረቀቱን ካላየህ አትጻፈው።

ስትሄድ የመዝገቡን ገጽ ሙሉውን አንሳው፣ ስሙን ብቻ ቆርጠህ እንዳታመጣ። ከላይም ከታችም የተጻፉት ስሞች ወንድም ወይ እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ከመሄድህ በፊት አክስትህ ጋ ደውል፣ የሴቶቹን ስም በደንብ የምታውቀው እሷ ናት። ማታ ሳይሆን ጠዋት ደውል፣ ማታ ላይ ቶሎ ትደክማለች።

እናትህ