የመድረክ ልብሶቻችንን ለቆሼ አትስጡብን፤ ለቢሮ ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የቢሮ ኃላፊ
አዲስ አበባ

የቢሮዎን ስም እዚህ ላይ አልጻፍኩም። ሦስቱ ደብዳቤዎቼ በመዝገብ ቤትዎ ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋልና ለማን እንደምጽፍ ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ያስገባሁት በጥር፣ ሁለተኛውን በመጋቢት ነው። ሦስተኛውን በግንቦት ራሴ ይዤ መጥቼ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ደጅዎ ተቀምጬ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር መልስ አልደረሰኝም። በአደባባይ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ለቴአትርና ለባህል ውዝዋዜ ቡድኖች የመድረክ አልባሳት ስነድፍና ስሰፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ታኅሣሥ፣ የኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች በዓል ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ ከመጋዘንዎ አሮጌ የመድረክ ልብሶች ልዋስ ብዬ ወደ ግቢዎ መጣሁ። ልጆቹ ተውኔት አጥንተው የሚለብሱት አጥተው ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ዘጠኝ ጆንያ ተደርድሮ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። ከአንዱ ጆንያ አፍ የቀይና የቢጫ ጥለት ጫፍ አየሁና ሳብኩት።

ቀሚሱ የእጄ ሥራ ነበር። ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ሁል ጊዜ ሁለቴ እመልሰዋለሁ፤ ተወዛዋዥ እጇን ስታነሳ መጀመሪያ የሚተረተረው እሱ ስለሆነ። ያ ስፌት እንደ ተሰፋ ነው። ገበሩ ደህና ነው። የተበላሸው የጀርባው ዚፕ ብቻ ነው። ዚፕ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ጥበቃው «እትዬ፣ የተወገደ ንብረት ነው፤ መንካት አይቻልም» ብሎ ከእጄ ወሰደው። አልተቀየምኩትም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ዘጠኙም ጆንያ ዓይኔ እያየ ተጭኖ ወደ ቆሼ ሄደ።

የዚያን ቀሚስ ጥለት የሠሩት ሽሮ ሜዳ ይሠሩ የነበሩ የዶርዜ ሸማኔ ናቸው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው፣ መወርወሪያውን አስቀምጠው፣ ድሩን በጣታቸው እየቆጠሩ ባለቀለሙን ክር በመካከሉ ሲያሳልፉ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ ስንዝር ጥለት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ዛሬ በሕይወት የሉም። አቆጣጠሩን በወረቀት ላይ አላሰፈሩትም፤ የተጻፈው ጨርቁ ላይ ነበር። ጥሩ ሸማኔ ጥለቱን ገልብጦ ከጀርባው ካየ፣ ክሩ የት ገብቶ የት እንደ ወጣ ተከትሎ እንደ ገና ሊሠራው ይችላል። አሁን ምኑን ገልብጦ ይየው?

አዲስ ልብስ ስነድፍ መጀመሪያ የምሄደው ወደ አሮጌ ልብስ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከሠልጣኞቼ ጋር እየሄድኩ አያለሁ፤ ነገር ግን መስታወት ውስጥ ያለን ልብስ ማንም ገልብጦ ስፌቱን አያይም። የእርስዎ መጋዘን ለእኛ ሙያ ትምህርት ቤት መሆን ይችል ነበር። እጅጌው እንዴት እንደ ተቆረጠ፣ ጥለቱ ወገቡ ላይ እንዴት እንደ ዞረ፣ ላብ የትኛውን ጨርቅ ቀድሞ እንደሚበላው በእጅ እየዳሰሱ የሚማሩበት ቦታ ነበር።

ልብሶቹ ለምን እንደ ተጣሉ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለበዓሉ የተገዙት አዳዲስ ልብሶች ገብተው ቦታ ጠበበ። ሁለተኛውን አንድ የቢሮዎ ባለሙያ ነገሩኝ፦ «ለአዲስ አልባሳት ግዥ በጀት አለ፤ ልብስ ለመጠገን ግን የበጀት ርዕስ የለንም።» መኪና ሲበላሽ ይጠገናል። ሕንፃ ሲሰነጠቅ ይጠገናል። ሰው በጣቱ ቆጥሮ የሠራው ልብስ ዚፑ ሲበጠስ ግን ይጣላል፤ ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

አዳዲሶቹንም አይቻቸዋለሁ። አብዛኞቹ የጥለት ሥዕል የታተመባቸው ፖሊስተር ናቸው። የዶርዜ ሸማኔዎች ባለቀለም ሽመና የሆነው ዱንጉዛ ሳይቀር፣ ቀዩም ጥቁሩም ቢጫውም፣ ታትሞ የመጣ ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ጥጥ አፈር ውስጥ አይበሰብስም። ከጥቂት በዓላት በኋላ እሱም በተራው ጆንያ ውስጥ ይገባል።

እናቴ ቤት ጨርቅ አይጣልም ነበር። ነጠላ ሲሳሳ ታጥፎ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ሲቀደድ ደህናው ጫፍ ተቆርጦ ራስ ይታሰርበታል። የመጨረሻው ብጣሽ የምጣድ ማሰሻ ይሆንና የጎመን ዘር እየጠጣ፣ እስኪጠቁር እንጀራ ይጋገርበታል። እናቴ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሰማችው ነገር አልነበረም። ጥጡን ፈልፍላ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ድውሩን ለሸማኔ የሰጠችው ራሷ ስለነበረች ዋጋውን ታውቀዋለች።

ጆንያዎቹ የሄዱበት ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ገድሏል። ያን ክምር የሠራው አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ በየቀኑ የሚጫን ጆንያ ነው። የመንግሥት ቢሮ ሊለበስ የሚችል ልብስ እዚያ ላይ ሲጨምር ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

የመንግሥት ንብረት አወጋገድ ሥርዓቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለሌላ መሥሪያ ቤት ማስተላለፍ አለ፣ መሸጥ አለ፣ መለገስ አለ። ልብስ ሊዋስ የመጣ ትምህርት ቤት በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ኮሚቴው በቀጥታ «ይጣል» ወደሚለው እንዴት ደረሰ? ቃለ ጉባኤውን እንዲያሳዩኝ በሁለተኛው ደብዳቤዬ ጠይቄያለሁ። አሁንም እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው መጋዘን ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት እንዲጸዳ መታዘዙን ሰምቻለሁ። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዙውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በእጅ የተሸመኑ የዱንጉዛ ሱሪዎች አሉ፣ ባለ ጥለት ቀሚሶች አሉ፣ ጠርዛቸው ብቻ የነተበ ኩታዎች አሉ። ክፍያ አልጠየቅኩም፤ ክርና ዚፕ ከራሴ ነው። የሚጠገነውን ጠግነን እንመልስላችኋለን ወይም ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ። የማይጠገነውን ጥለቱን ብቻ ቆርጠን፣ የሸማኔውን ስም የምናውቀውን ጽፈንበት እናስቀምጣለን።

ሰኔ 20 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሦስት ሠልጣኞቼ ጋር መጋዘኑ በር ላይ እገኛለሁ። መቀስና መርፌያችንን ይዘን እንመጣለን። ጥበቃው እንዲያስገባን ትእዛዝ ይስጡልን።

የመድረክ አልባሳት ሰፊ
አዲስ አበባ