ይድረስ ለአባቴ፣ ሐዋሳ

ውድ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ፈተናውን ጨርሶ ዕረፍት ላይ ነው። ትንሿ ግን ከእርስዎ ዘንድ ከተመለስን ጀምሮ «አያቴ ሲያኝክ ጆሮው ሥር ቋ የሚለው ምንድን ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእርሷ ጥያቄ ነው፤ በስልክማ «ደህና ነኝ» ብለው እንደሚዘጉብኝ አውቃለሁ።

እኔም አይቻለሁ። ቡናው ሲቀርብ የገብስ ቆሎውን ሳህን ወደ ልጆቹ ገፋ አድርገው «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ሲሉ፣ ጉርሻዎን ከወትሮው በግማሽ አሳንሰው በቀኝ በኩል ብቻ ሲያላምጡ፣ በመካከሉም ግራ እጅዎን ጉንጭዎ ላይ ጫን አድርገው ሲቆዩ አይቻለሁ። አምና «ጥርስዎ ነው» ተብሎ ተነቀለልዎ፤ ጥርሱ ወጣ፣ ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ።

እኔ ይህን ሕመም አውቀዋለሁ፣ አባቴ። ከጆሮ ፊት ለፊት የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ አለ፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለችው ስስ ልባስ ከቦታዋ ሸርተት ስትል ነው ብዙውን ጊዜ ቋ የሚለው። ድምፁ ብቻውን፣ ሕመም ከሌለው፣ አያስፈራም። የጉንጭና የጆሮ ግንድ ጡንቻዎች ሲወጠሩ ግን ሕመሙ ወደ ጆሮ፣ ወደ ጥርስና ወደ ራስ ስለሚሄድ ሰው ጤነኛ ጥርሱን እስከማስነቀል ይደርሳል። እዚህ አዳማ ያየኝ የጥርስ ሐኪም ጉንጬን በጣቱ ጫን እያለ «ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ፤ ትዝ ያለኝ እርስዎ ነበሩና።

እማዬ ያረፈች ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ሌሊቱን ሙሉ ጥርስዎን ሲያፋጩ እሰማ ነበር። ቀን ግን እንባ አልወጣዎትም፤ እኔ ለቅሶዬን መግታት ሲያቅተኝም «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» አሉኝ። የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታዘዝኩ። የዚህ ሕመም መንስኤ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ የእኔን መንጋጋ በእርስዎ ላይ አላመካኝም፤ ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም፤ እርስዎም ይኸው በራስዎ ላይ እየፈጸሙት ነው።

እባክዎ ለጊዜው ቆሎና ጥብስ ይተዉ፤ ገንፎ፣ ሽሮ ፍትፍት፣ የዓሣ ሾርባ ይበቃዎታል። በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይያዙበት። ሲያዛጉ አገጭዎን በእጅዎ ደገፍ ያድርጉ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ይህ ነው፦ ካላኘኩ ወይም ካልዋጡ በቀር የላይና የታች ጥርስዎ አይነካኩ፤ ከንፈርዎ ይገጠም፣ ጥርስዎ ግን ይላቀቅ፣ ምላስዎ ላንቃዎ ላይ ይረፍ። እኔ የእጅ ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ጥርሴን አላቅቃለሁ። ሌሊት ደግሞ ሐኪሙ በጥርሴ ልክ ያሠራልኝን የፕላስቲክ ሽፋን ጥርሴ ላይ አደርጋለሁ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ስለዚህ ማንም ዳግመኛ ጥርስዎን እንዲነቅል ወይም እንዲሞርድ አይፍቀዱ። ከፋርማሲ የሚገዙትን የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክንም ያቁሙ፤ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ኩላሊቱንም ጨጓራውንም ሊጎዳ ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እርሱንም ሐኪምዎን ጠይቀው ይውሰዱ።

እስካሁን የዞርኩበትን ነገር አሁን ልናገር። የእኔ ሕመም በወጣትነቴ የጀመረ ነው፤ የእርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ አዲስ የመጣ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው፣ ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ የሚያመውና ሲያርፍ የሚተወው ሕመም፣ አዲስ የራስ ምታት ወይም ሲያበጥሩት የሚያም የራስ ቆዳ ከተጨመረበት፣ የጆሮ ግንድ ደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ያም ቶሎ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ዓይንዎ ለአፍታ እንኳ ከደበዘዘብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ። ወደ ገብርኤል ሲሄዱ፣ በመንገድ ላይ መንጋጋዎን ይዞ የሚያልብዎና ትንፋሽ የሚያሳጥርዎ ከሆነ ደግሞ ልብዎ ሊሆን ይችላልና ለአንድ ሰዓት እንኳ አይዘግዩ። እማዬም «ነገ ይሻለኛል» ትል ነበር፤ እርስዎም ያውቁታል።

ቅዳሜ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ እመጣለሁ፤ ሰኞ ጠዋት አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ አይቆጡኝ። እስከዚያው ማታ መስተዋት ፊት ይቁሙና አፍዎን ሳያስገድዱ ይክፈቱ፤ ሦስት ጣቶችዎ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው በፊት ጥርሶችዎ መካከል ይገቡ እንደሆነ ይዩልኝ። ነገ ስደውል ከ«ደህና ነኝ» በፊት ስንት ጣት እንደገባ ይንገሩኝ።

ልጅዎ፣ ከአዳማ