ሰርቪስ ሁሉ አገልግሎት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሜክሲኮ አደባባይ ጋ ካለ አዟሪ ገዝቼ፣ እዚያው አጠገብ ቡና ይዤ ነው የማነበው። ባለፈው ሳምንት የኢኮኖሚ ገጹ ላይ «የአገሪቱ የዕዳ አገልግሎት ጨምሯል» የሚል አየሁ። ሁለት ሦስቴ መላልሼ አነበብኩት። ዕዳ ምን አገልግሎት ይሰጣል? ቆይቶ ነው የገባኝ። እንግሊዝኛው «ዴት ሰርቪስ» ነው፤ የተበደሩትን ከነወለዱ በየጊዜው መክፈል ማለት ነው። ታኅሣሥ 2016 ላይ አገራችን የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ (ለውጭ አበዳሪዎች የተሸጠ የብድር ሰነድ ነው) ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ስትቀር የቀረው ይኸው «ሰርቪስ» ነበር። «የዕዳ ክፍያ» ብትሉት ኖሮ ማንም ሰው ባንዴ ይገባው ነበር።

ይቺ ቃል እኛው ከተማ ውስጥ ስንት ቦታ እንደምትውል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አምና አክስቴ ከደብረ ብርሃን ለሕክምና መጥታ እኛ ጋ አርፋ ነበር። ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ «ሰርቪስ ሳያመልጠኝ ልሩጥ» ብያት ወጣሁ። ማታ ደግሞ ባለቤቴ ራት እያቀረበች «ሰውዬው ሰርቪሱ ላይ ኪራይ ሊጨምሩብን ነው» አለች። አክስቴ እንጀራውን ይዛ ቀረች። «አንተ ልጅ፣ ጠዋት የሚያመልጥህና አሁን የተቀመጥንበት አንድ ነው?» አለችኝ። አንዱ የመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ፣ አንዱ ከቪላው ጓሮ ያለችው ሁለት ክፍል ቤታችን እንደሆነ እስካስረዳት ወጡ ቀዘቀዘ።

የጓሮዋ ቤት ስም ይገርመኛል። ድሮ ለወጥ ቤትና ለሠራተኛ ማደሪያ የተሠራች ናት። «ሰርቪስ» ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የላቲን ቃል ነው፣ ሥሩም «ሰርቩስ»፣ ባሪያ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉም ወደ ሥሩ የቀረበችው እኛ የምንከራያት ቤት ናት። መኪናም ሰርቪስ ይደረጋል፤ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየርለታል። ሆቴል ገብተን ስንበላ ሂሳቡ ግርጌ 10% ሰርቪስ ቻርጅ ይመጣል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሁሉ ያለ መዝገበ ቃላት ለይቶ ያውቀዋል። የሚያሳስተን ስንጽፍ ነው፤ ብዕር ስንይዝ ሁሉንም «አገልግሎት» እንለዋለን።

ለምሳሌ ከውጭ ዜና ተተርጉሞ «የቀብር አገልግሎት ተካሄደ» ይባላል። እኔ ስሰማው ሣጥን የሚሸጥ ድርጅት ነው የሚታየኝ። ለኦርቶዶክሱ ጸሎተ ፍትሐት አለ፣ ለሙስሊሙ ሶላተል ጀናዛ አለ፣ ሌላውም የራሱ ስም አለው፣ ሃይማኖቱ ካልታወቀ ደግሞ የሽኝት ሥነ ሥርዓት ብንል ማን ይከሰናል? ይኸው «ሰርቪስ» ፍርድ ቤት ሲሆን መጥሪያ ማድረስ ነው። ወታደር ሲሆን ውትድርና። ቴኒስ ላይ ኳሷን መጀመሪያ የሚመታት ሰው ሰርቪስ አደረገ ይባላል እንጂ ማንንም አላገለገለም።

አገልግሎት የሚለውን ቃል ጠልቼው አይደለም፣ እንዲያውም ስለምወደው ነው የምጽፈው። ካህኑ ሌሊት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም አገልግሎት ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ስድስት ኪሎ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲሠሩ ፕሮግራም ሲጀምር፣ ያ አገልግሎት ነው፤ ገጠር ሄዶ ሕፃናት ማስተማርን በሌላ ቃል ልጥራው ብል አይሆንልኝም። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ የሚወጣው ሰውም የአገልግሎት ዘመኑን ነው የጨረሰው። ይህን የመሰለ ቃል ለወለድ ክፍያ፣ ለሬሳ ሽኝትና ለፍርድ ቤት ወረቀት እያዋልነው ካለቀ፣ ለእነዚህ ሰዎች የምንለው ምን ሊተርፈን ነው?

ተርጓሚ ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ፣ ዜናው ለማታ መድረስ አለበት። ግን ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ካነበበ በኋላ ቃሉ እዚያ ቦታ ምን እየሠራ እንደሆነ ራሱን ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። የኢኮኖሚ ገጹን ለሚያዘጋጀው ወንድሜም ሰላምታዬን አድርሱልኝና ለሚቀጥለው ቅዳሜ «የዕዳ ክፍያ» ብሎ ያርምልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከሜክሲኮ አካባቢ