ማይክሮፎኑ ከትምህርት ቤት ቦርሳ ይውጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመስማት ጉዳት ስላለባቸው ልጆች ሲነሣ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የመስሚያ መሣሪያ ከመግዛት ወይም መምህሩ አንገቱ ላይ ከሚያንጠለጥለው ሪሞት ማይክሮፎን አያልፍም። ማይክሮፎኑ ግን ቤት ውስጥም ሥራ አለው። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ አይደለም፤ እናቱ ከኩሽና ስትጠራው፣ አባቱ በር ላይ ቆሞ «ጫማህን አድርግ» ሲለውም ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተናጋሪው ደረቱ ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ያደርጋል፤ ድምፁ በገመድ አልባ ልጁ ጆሮ ላይ ወዳለው የመስሚያ መሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና ወደተተከለው የመስሚያ መሣሪያ (ኮክሌር ኢምፕላንት) ይደርሳል። ጥቅሙ ያለው ከርቀቱ ሒሳብ ላይ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ 3 ሜትር ከ20 ለመድረስ ርቀቱ አራት ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ደረት ላይ ያለው ማይክሮፎንና ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ልጅ የሚያገኙት ድምፅ በ24 ዴሲቤል ይለያያል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ቅናሹ ያን ያህል አይሆንም፤ ነገር ግን ከሲሚንቶው ወለልና ከባዶው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ራሱ ንግግሩን ያደበዝዘዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታማ መናገር አያስፈልግም። የመስሚያ መሣሪያው ብቻውን ይህን አይፈታም፤ ንግግሩንም ጫጫታውንም አብሮ ያጎላልና።

በአማርኛ ነገሩ ይብሳል። መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣች፦ ማን እንደመጣ የሚነግረን የቃሉ ጭራ ነው። «ህ»፣ «ሽ» እና «ች» ደግሞ ጉሮሮ የማይነዝርባቸው ደካማ ድምፆች ስለሆኑ ከርቀት ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ለእህቱ «መጣህ» የሚል ልጅ ሰዋስው ከብዶት ሳይሆን ጭራውን በወጉ ሰምቶት ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ቀዳዳው ወደ አፍ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ቀበቶ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ከገባ ጥቅሙ አለቀ። ነጠላ ወይም ሹራብ ከላዩ ከዋለ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ያፍናል፤ ጨርቁ ሲፈትገው ደግሞ ልጁ ጆሮ ውስጥ ኮሽታ ነው። የአንገት ሐብልም እንዲሁ፤ አንዱን ማውለቅ ይሻላል። ሙቀጫ በሚወቀጥበት ሰዓት ማይክሮፎኑን መዝጋት ነው፤ ለልጁ ጆሮው ሥር የተወቀጠ ያህል ይሰማዋል።

መዝጋት ካልን፣ ማብሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚረሳው የድምፅ መዝጊያው ነው። እናት ስልክ ስታወራ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጣ፣ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ክፍት ከሆነ ልጁ ሁሉንም ይሰማል። ሐሜቱ ይቅርና፣ አጠገቡ ሆኖ አብሮት የሚጫወተው የወንድሙ ድምፅ በእሷ ወሬ ይዋጣል። ልጁ ጭን ላይ ተቀምጦ ተረት ሲነገረው፣ ቤቱም ጸጥ ካለ፣ ማይክሮፎኑ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ግቢ ውስጥ ሲሮጥ፣ መኪና ውስጥ ከኋላ ሲቀመጥ፣ ገበያ ሲሄዱ፣ ምጣዱ ተጥዶ ቤቱ በሥራ ሲታመስ ነው። በጋራ ጨዋታ ላይ ደግሞ ተናጋሪው ሲለወጥ ማይክሮፎኑም ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ወላጆች ማይክሮፎኑን ቤት ውስጥ ሲያደርጉ ከርቀት ሆነው ይበልጥ ይናገሩ እንደነበር ታይቷል። ይህ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቀርቦ ፊት ለፊት ማውራትን እንዳያስቀር መጠንቀቅ ያሻል። በማይክሮፎን የመጣ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ ስሙን ጠርቶ «ኩሽና ነኝ፣ ና» ማለት ይሻላል፤ «ና» ብቻ ማለት ልጁን ያዟዙረዋል። የመስማት ባለሙያው መሣሪያውን ሲያስተካክልም የመስሚያ መሣሪያው የራሱ ማይክሮፎን አብሮ ክፍት እንዲሆን ይጠየቅ፤ ከተዘጋ ልጁ የራሱን ድምፅም፣ የወንድሞቹንም፣ መንገድ ላይ የመኪናውንም በወጉ አይሰማም።

በየጠዋቱ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ አለ፤ የሊንግ ስድስት ድምፆች ይባላል፦ ም፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ሽ፣ ስ። መጀመሪያ ማይክሮፎኑ ሳይከፈት ከልጁ ጀርባ 1 ሜትር ላይ ሆኖ አንድ በአንድ ማለት፣ ልጁም ይድገም፤ ትንሽ ከሆነ በሰማ ቁጥር ጠጠር ይጣል። በድምፆቹ መካከል ያለው ዕረፍት አንዴ ይርዘም አንዴ ይጠር፣ አለዚያ በግምት ይመልሳል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ከበር ውጭ መድገም። ያለ ማይክሮፎን የሰማቸው «ስ» እና «ሽ» በማይክሮፎን ከጠፉ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም ጨርቅ ሸፍኖታል። ስድስቱም ከጠፉ ባትሪው አልቋል፣ ድምፁ ተዘግቷል ወይም ግንኙነቱ ተቋርጧል። ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ በመካከል ወፍራም ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ አለ።

ከመግዛት በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ ከልጁ መሣሪያ ጋር ይግባባል ወይ? ብዙዎቹ ማይክሮፎኖች ከራሳቸው ፋብሪካ መሣሪያ ጋር ብቻ ይሠራሉ። ሌላው መንገድ ልጁ አንገቱ ላይ የሚያጠልቀው ሉፕ ነው፤ ይህ የማይክሮፎኑን ድምፅ በመግነጢስ ወደ መስሚያ መሣሪያው የሚያስተላልፍ የሽቦ ቀለበት ነው። ለዚህ የመስሚያ መሣሪያው ቴሌኮይል (መግነጢሱን የሚቀበል ትንሽ የሽቦ ጥቅልል) ያለው መሆን አለበት፣ ባለሙያውም ፕሮግራሙን ማብራት አለበት። ቴሌኮይል የመብራት መሥመርና የስታቢላይዘር እዝታ ይስባል፤ እዝታው ከመጣ ከዕቃው ፈቀቅ ማለት ነው። የልጁ መሣሪያ ከአይፎን ጋር የሚሠራ ከሆነ ስልኩ ውስጥ ያለው «ላይቭ ሊስን» እንደ ማይክሮፎን ያገለግላል፤ ግን ስልኩ ደረት ላይ ሲሆን እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ መሣሪያውን የገዛው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ ቤት አይሄድም ቢባሉ ዝም አይበሉ። የአይዲኢኤ (የአሜሪካ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ) ማስፈጸሚያ ደንብ ክፍል 300.105፣ የልጁን የግል የትምህርት ዕቅድ (አይኢፒ) የሚያወጣው ቡድን ለልጁ ትምህርት ያስፈልገዋል ብሎ ከወሰነ ቤት እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ይህ በአይኢፒው ላይ በጽሑፍ ይግባ፤ ቻርጀሩም አብሮ ይጠየቅ፤ ማይክሮፎኑ ቤት መጥቶ ቻርጀሩ እዚያ ከቀረ ሰኞ ጠዋት ባዶውን ይመለሳል።

ከመስማት ባለሙያዎች