እማማ፣ በሰላም ገብቻለሁ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቤት ሠራተኝነት ከነበርኩበት ከሊባኖስ ባሕር ዳር ገብቻለሁ። ሽምብጥ እናቴ ቤት ነኝ። የሆነውን ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። በር ሲንኳኳ አሁንም እደነግጣለሁ፤ ቀስ እያለ ይለቃል ይላሉ።

ስለ እማማ ግን ልንገራችሁ። ቤይሩት አጠገብ፣ አርመኖች በሚበዙበት ቡርጅ ሃሙድ የሚኖሩ አርመናዊት ልብስ ሰፊ ናቸው። መስከረም 2017 ዓ.ም. የቤይሩት ደቡብ ዳርቻ ዳሂያ በእስራኤል ቦምብ ሲደበደብ አሠሪዎቼ ፓስፖርቴን እንደያዙ ቤቱን ቆልፈው ሄዱ፤ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። እማማ የሚያውቁኝ ቀሚስ ለማሳጠር ስመላለስ ነው። "ነይ ግቢ" አሉኝ፤ አለቀ።

አልጋቸውን ለቀቁልኝ። ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው፣ ሶፋ ላይ ተኙ! እምቢ ስል በስፌት ሜትራቸው ሾጥ አደረጉኝ። ማታ ፍንዳታ ሲበዛ ተነሥተው የስፌት መኪናውን ይረግጡታል፣ ድምፁ እንዳይሰማኝ። የሚሰፋ ስለሌለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይቀጣጥላሉ። አሁን ስጽፈው ራሱ እንባዬ መጣ።

ቡና ሳፈላላቸው አቦሉን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ "ገና ቶናና በረካ አለ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በረካ ሳይጠጡ መነሣት ቀረ። አያታቸው ከቱርክ እልቂት በእግር ሸሽተው የመጡ ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ወደ አዲስ አበባ እንደወሰዱም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ዕዳ እየከፈልኩ ነው" ይሉኛል እየሳቁ። ለመውጫ ወረቀቴ ቢሮ ለቢሮ አብረውኝ የተሰለፉትም እሳቸው ናቸው። ተራዬን ሊዘሉ ያሉትን ሁሉ በሦስት ቋንቋ ሰደቧቸው!

ቤይሩት ዶራ ሰፈር ያላችሁ እህቶቼ፣ ከሌላችሁ ላይ ላዋጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ራሱ ከደቡብ ሊባኖስ ተፈናቅሎ ሳለ ሒሳብ አልቀበልም ያለኝ ባለታክሲም ይባረክ።

እዚህ የሚጠይቀኝ ሁሉ "አረብ ክፉ ነው አይደል?" ይለኛል። ምን ልበል? በሩን የቆለፈብኝም ባለታክሲውም ሊባኖሳዊ ናቸው። ክፉው ከፋላ የሚሉት የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ነው። መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ የተያዘ ነው፤ ጥለሽ ከወጣሽ ሕገ ወጥ ትሆኛለሽ። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕጋቸውም የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ለመሄድ የተነሣችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ አትሂዱ አልልም፤ የዚህ ቤት ቆርቆሮም የተቀየረው በዚያው ብር ነው። ኮንትራታችሁንና ፓስፖርታችሁን ግን ፎቶ አንሥታችሁ ለቤተሰብ ላኩ።

አባይ ማዶ ሻይ የምታፈላዋን ሱዳናዊትም "እነዚህ ደግሞ በዙብን" ስትሉ ሰምቻለሁ። ኧረ ተዉ! ከጦርነት ሸሽታ፣ ልጆቿን ይዛ በመተማ የገባች ሴት ናት። ሻይዋም ይጥማል።

እድርተኞች፣ ጎረቤቶች፣ የማርያም ማኅበርተኞች፣ ዘመድ አዝማድ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባጃጁን አቁሞ አየር ማረፊያ የዋለው ወንድሜ፣ ኑርልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፤ በዝታችሁብኝ ነው።

እማማ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውላሉ። ልታዩአቸው የምትፈልጉ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፣ አረብኛውን እኔ አስተረጉማለሁ። ያላገባ ወንድም ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ባል እየፈለጉልኝ ነው።