«እስካሁን ደብተር ትሸጣለህ እንዴ?» ላልከኝ

ሰኔ 2018 ዓ.ም.
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ዝምታው የሁለታችንም ነው፤ ማን ጀመረው ብለን ሽማግሌ አናስቀምጥ። በቴሌግራም የላክህልኝ መስመር ግን ከራሴ አልወጣ አለ። ይህን ያህል ጊዜ ጠፍተህ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «እስካሁን ደብተር ትሸጣለህ እንዴ?» ትለኛለህ! አዎ፣ ራሴ ስዬ ያሳተምኩትን ደብተር እሸጣለሁ። እዚያው ልመልስልህ ጀምሬ ነበር፤ ሲረዝምብኝ ተውኩትና በራሴ ወረቀት ጻፍኩልህ። ጠርዙ ላይ ያለችውን ወፍ እኔ ነኝ የሳልኳት። ካላማረችህ ጻፍባት።

የገንዘቡን ነገር ላስቀድም፤ ጥያቄህ ወደዚያ እንደሆነ አላጣሁትም። ያዋጣል ብዬ አልምልልህም። ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ማሽን ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት፣ ማለትም ምስሉ የሚወጣበት ስስ ብረት፣ ይዘጋጃል፤ ባለ ቀለም ሽፋን አራት ፕሌት ነው። መቶ አሳተምክ ሺህ፣ የፕሌቱ ሂሳብ ያው ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ሁሌ «ሺህ አድርገው፣ ይረክስልሃል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይረክሳል። ግን አንድ ሺህ ደብተር የት ይደር? አልጋዬ ስር ነው የሚያድረው። ቤት ስትመጣ ታያለህ፣ ካርቶኑ አልጋውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው።

ወረቀቱ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ ወዲህ መርካቶ ሄጄ ወረቀት ስጠይቅ ነጋዴው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ስልኩን ያያል። ከአንድ 70 በ100 ሴንቲሜትር ወረቀት 16 የኤ5 ቅጠል (የኤ4 ግማሽ) ይወጣል። ባለ 192 ገጽ ደብተር ስድስት ወረቀት ይበላል ማለት ነው፤ ሽፋኑና ጥረዛው ሳይቆጠር። በዚያው በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ካርዶቼን ይሸጡልኝ የነበሩት ትንንሽ ሱቆች ተበተኑ። አንዳንዶቹን እስካሁን አላገኘኋቸውም። ዕቃዬን ተረክቦ፣ ሸጦ ሲያበቃ ስልክ ማንሳት የተወ ባለሱቅም አለ። እሱን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ።

ታዲያ ምን አስቀመጠህ ትለኛለህ።

እንጀራዬ ከምን እንደሚመጣ ታውቃለህ። የሰርግ ካርድ፣ የድርጅት አጀንዳ፣ አልፎ አልፎ ማስታወቂያ። ሙሽራው ወርቃማ ይሁን ይላል፣ ሙሽሪት ክሬም ትላለች፣ በመጨረሻ የሙሽሪት እናት መጥተው ርግብ ያስጨምራሉ። ርግቧን እስላለሁ። ተጠንቅቄ ነው የምስላት፣ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው። ድርጅቶቹ ደግሞ «ሎጎው ትንሽ ይተልቅ» ይላሉ። ይነስ ያለኝ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ከዚህ ከማገኘው ላይ እየቆነጠርኩ ነው የራሴን የማሳትመው።

ሸራውንም አልተውኩም። አንዳንዴ ይሸጣል፣ ሲሸጥም ደህና ብር ያመጣል። ግን የተሸጠ ስዕል የሰው ቤት ይገባና በሩ ይዘጋበታል። ከሶፋው በላይ ይሰቀላል፣ እኔ ዳግም አላየውም። ገዢውም ከወር በኋላ ልብ ብሎ የሚያየው አይመስለኝም። እዚያ ያለው ሁሉ የኔ ነው፣ ማንም የሚጨምርበት የለም። ደብተር ግን ግማሹን ባዶ ትቼ ነው የምሸጠው። የቀረውን የሚሰራው ገዢው ነው። የኔ ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።

አንድ ልንገርህ። ለገና ባዛር ጠረጴዛ ይዤ ሳለ የአንድ እድር ጸሐፊ የሆኑ ጋሼ መጡ። ካሁን ቀደም ከኔ የገዙትን ደብተር ጨርሰው፣ በብብታቸው ይዘው፣ ሁለተኛ ሊገዙ ነው። እስቲ ልየው አልኳቸው። የአባላቱ ስም በግራ፣ ወራቱ ከላይ፤ የከፈለ ነጥብ፣ ያልከፈለ ባዶ። እኔ በየገጹ ግርጌ ሚኒባስ ስዬ ነበር፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲጣራ። ጋሼ ታዲያ ከረዳቱ አፍ መስመር አውጥተው፣ መዋጮ ያዘገዩትን ሰዎች ስም በቀይ እስክሪብቶ ጽፈዋል! ልጁ መገናኛ፣ ሜክሲኮ ማለቱን ትቶ ባለዕዳ ይጠራል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «አበላሸሁብህ እንዴ?» አሉኝ። ምን ያበላሻሉ! እኔ መቼም አስቤ የማልደርስበትን ነው የሰሩልኝ። ሲሄዱ «መስመሩ ግን ጠበበኝ» አሉ። እውነት ነው፤ ፊደላችን ካፒታልና ስሞል የለው፣ እያንዳንዱ ቁመቱን ይፈልጋል፤ 7 ሚሊሜትር ውስጥ ይታፈናል። አሁን 9 አድርጌዋለሁ። ገጹ ላይ የሚገባው መስመር ቀነሰ፣ ጋሼ ግን ደስ ብሏቸዋል።

በየዓመቱ የማሳትመው ካላንደርም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ሰው ቤት የሚሰቀለው ላይ ጳጉሜ ነሐሴ ስር ትወሸቃለች። ወረቀት ለመቆጠብ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ሙሉ ገጽ ሰጥቻታለሁ። የሚመጣው 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ስድስት ቀን አላት። ስድስት ቁጥር፣ ሌላው ባዶ፤ ከጀርባው ስስ ዝናብ፣ ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዕለት ልጆች ወጥተው እንዲጠመቁበት። ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ አይቶ «ይሄ ገጽ ባዶ ነው፣ ማስታወቂያ ሽጥበት» አለኝ። ቢሸጥ የፕሌቱን ይችል ነበር። አልሸጥኩም። አንዲት ደንበኛዬ ለመስከረም የሚገዛውን የልጆቿን ቦርሳ፣ ጫማና ደብተር ዝርዝር የምትጽፈው እዚያ ላይ ነው። ማስታወቂያ ብሸጥ የት ትጻፍ?

እንዲህ ስልህ የልጅነታችንን እንቁጣጣሽ ልታነሳብኝ ነው፣ አውቅሃለሁ። አንተ መላእክት ትስላለህ፣ እኔ አደይ አበባ፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ እኛ ስዕላችንን ይዘን በር እናንኳኳለን። ሁሉም ከዚያ ጀመረ ብዬ ልፈላሰፍብህ አልፈልግም፤ ያኔ ልባችን ያለው ሳንቲሙ ላይ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን ስዕሎቹን ቡፌ መስታወት ላይ ይለጥፏቸው እንደነበር አልረሳሁም። ያንተ መላእክት ሁሉም አንድ ዓይነት አፍንጫ ነበራቸው፣ ይህንንም አልረሳሁም።

አብረውን አርት ስኩል የተማሩ ልጆች «ደብተር መሸጥ ሰዓሊ ያሳንሳል» ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ ፊት ለፊት፣ አንዳንዶቹ በሰው። በፊት ያበሽቀኝ ነበር። አሁን አንድ አንድ ደብተር እየሰጠሁ ነው የምሸኛቸው፤ እየጻፉበት ነው አሉ።

ለሥራው እንመለስ። ካላንደሩን ነሐሴ ላይ አወጣዋለሁ። መስከረም 1 ዓርብ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። የዒዶቹ አጠገብ «በጨረቃ መታየት ሊለወጥ ይችላል» ብዬ አስገብቻለሁ። ለመስሪያ ቤታችሁ ስንት ልላክ? ቁርጡን ልንገርህ፣ ነጻ አይደለም፤ ክፍያው በቴሌብር ይቻላል። ያንተ አንዱ ብቻ በነጻ ነው። የልጆችህን የልደት ቀን በሐበሻ አቆጣጠር ጽፈህ ላክልኝ፤ ታናሿ ጥር ይሁን የካቲት ጠፍቶብኛል። እናንተ ዘንድ ሐዋሳ ጥሩ ጥረዛ የሚሰራ ሰው ካለም ጠይቅልኝ፤ እዚህ ያለው ቀጠሮ ማክበር አቅቶታል።

ያንተው፣
የአራት ኪሎው